ጠርዙ ይታጠፍ፤ ገና ያድጋል

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። በቡሬ ከተማ፣ የነቀምቱ መንገድ ከሚገነጠልበት ብዙም ሳይርቅ፣ የአንድ ሱቅ በረንዳ ተከራይቶ በሲንጀር መኪናው ከአርባ ዓመት በላይ ሰፍቷል። ያረፈው ባለፈው ዓመት ነው። መንገድ የተዘጋበት ወቅት ስለነበር ከአዲስ አበባ ለቀብሩ መድረስ አልቻልኩም፤ ለአርባው ደረስኩ። ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ እናቴ "የመኪናውን መሳቢያ አንቺ ክፈቺው፤ የእኔ እጅ አይታዘዝልኝም" አለችኝ። ከፈትኩት። መርፌ፣ በቆርቆሮ የተጠራቀመ ቁልፍ፣ ቁርጥራጭ ጠመኔ፣ ቁጥሩ የጠፋ ሜትር፣ ከሥር ደግሞ ሦስት የልክ ደብተሮች ነበሩ። ይህን ሁሉ የምጽፈው በሁለተኛው ደብተር የተነሳ ነው።

የምጽፈው ግን ስለ ወንድሜ ነው። ለቤታችን የበኩር ልጅ ነበር፣ እኔ የመጨረሻዋ ነኝ፤ በመካከላችን ሁለት እኅቶች አሉን። በስምንት ዓመት ስለሚበልጠኝ በስሙ ጠርቼው አላውቅም። ወንድም ጋሼ ነበር የምለው። አሁን በዕድሜ እኔ ከእሱ በእጥፍ በልጬ እንኳ አፌ የሚለምደው ይህንኑ ነው።

ወንድም ጋሼ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በቀጥታ ወደ በረንዳው ነበር የሚሄደው። አባቴ ማታ ማታ ዓይኑ ስለሚደክም ክር የሚያስገባለት እሱ ነው። ቁልፍ ይተክላል፣ ጠርዝ ይዘመዝማል፣ በከሰል ካውያ ይተኩሳል። አንድ ጊዜ የአንድ መምህር ኮት ላይ ካውያውን ረስቶ ጀርባውን አቃጠለው። አባቴ አልተቆጣውም፤ "በል አንተው ሂድና ንገረው" ብቻ አለው። ሄዶ ነገረው፤ ከዚያም ቅዳሜና እሑድ በርበሬ ጭኖ ለሚሄደው ነጋዴ ጆንያ እየተሸከመ የኮቱን ዋጋ በሁለት ወር ከፈለ። መምህሩ ለቅሶ ሊደርስ ሲመጣ ያንኑ ኮት ለብሶ ነበር፤ ጀርባው ላይ አባቴ የጣፈው ጨርቅ ይታያል።

የእጅ ጽሑፉ የሚያምር ስለነበር የሰፈሩ እናቶች ደብዳቤ የሚያጽፉት እሱን ነው። አጠገቡ ቁጭ ብዬ እሰማ ነበር። አንዲት ጎረቤታችን ጅዳ ላለች ልጇ ስታስጽፍ "ጤና ነኝ በልልኝ" ትለውና ትስላለች፤ እሱ ቀና ብሎ ያያታል፣ ከዚያ "ጤና ነኝ" ብሎ ይጽፋል። በኋላ የራሱን ደብዳቤዎች ባነበብኩ ቁጥር ያ ቀና ማለቱ ትዝ ይለኛል።

በ1990 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ሚያዝያ 28 ቀን ባድመ አካባቢ ተኩስ ተከፈተ፣ ግንቦት 4 ቀን የኤርትራ ጦር ባድመን ያዘ። ግንቦት 28 ቀን ደግሞ መቀሌ የሚገኘው የአይደር ትምህርት ቤት በአውሮፕላን ተደበደበ። የሞቱት ልጆች እኔን የሚያክሉ ነበሩ። ወንድም ጋሼ ያን ምሽት ሬዲዮኑን ዘግቶ እኔን ለረጅም ጊዜ ሲያየኝ አስታውሳለሁ። ክረምት ላይ የማትሪክ ውጤት መጣ፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ አላገኘም። አብረውት ኳስ ከሚጫወቱት ልጆች አምስቱ ተመዝግበው ነበር። እሱም ተመዘገበ።

ዛሬ ስለዚያ ጦርነት ሲወራ አንዱ "ለአገሩ ፍቅር ዘመተ" ይላል፣ ሌላው "ሥራ አጥቶ ነው፣ ተታልሎ ነው" ይላል። ሁለቱም ያናድዱኛል። አብሬው አንድ ቤት ኖሬአለሁ። አይደር ነበረ፣ ያልመጣው ነጥብም ነበረ፣ አምስቱ ጓደኞቹም ነበሩ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ እነዚህን እየለየ አይመዝናቸውም፤ አንድ ላይ ሆነው ይገፉታል። እናቴ ለሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። የእሷ ታናሽ ወንድም በደርግ ጊዜ በብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ቀርቷል። "አንድ ሰጥቻለሁ፤ ሁለተኛ አልሰጥም" አለች። አባቴ ዝም አለ። ወንድም ጋሼ ጉልበቷን ስሞ ሄደ።

የሠለጠነው ብር ሸለቆ ነው፤ ከእኛ ከተማ ሩቅ አይደለም። ኅዳር ላይ ሠልጥኖ ሲጨርስ ለሁለት ሌሊት ፈቃድ ተሰጥቶት መጣ። ጠቁሯል፣ ከስቷል፣ ድምፁ ጎርንኗል። የደንብ ልብሱ ከወገቡ በጣም ሰፍቶት በቀበቶ ጠቅልሎ አስሮታል። አባቴ ይህን ማየት አልቻለም። እራት ሳይቀርብ "አውልቅ፤ የእኔ ልጅ እንዲህ ሆኖ አይሄድም" አለውና ሜትሩን ይዞ ለካው። ቁመቱን ሲለካ ደነቀው። "ሁለት ሳንቲም ጨምረሃል" አለው። እናቴ ከጓዳ ሆና "አብልተውት ነው እንዴ?" ስትል ሁላችንም ሳቅን፤ እሷም ሳቀች። አባቴ ሌሊቱን በኩራዝ ቁጭ ብሎ ሱሪውን አጥብቦ ሰፋለት።

ሲሄድ እናቴ ዳቦ ቆሎ፣ በሶና ድርቆሽ በሦስት ከረጢት ሰፍታ ሰጠችው። የዳቦ ቆሎው ከረጢት ከተረፈ የእኔ የትምህርት ቤት ሸሚዝ ጨርቅ የተሰፋ ነበር። ይህ ለማንም ምንም ላይሆን ይችላል፤ እኔ ግን እወደዋለሁ።

ሦስት ደብዳቤ መጣልን። ሦስቱም የሚጀምሩት "ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ" ብለው ነው። ቀኑ እንደሚያቃጥል፣ ሌሊቱ እንደሚበርድ፣ ከደምበጫ የመጣ አንድ ልጅ ከእሱ ጋር አንድ ብርድ ልብስ እንደሚጋራ ጽፏል። በሁለተኛው ላይ "የአባዬን ክር ማን እያስገባለት ነው?" ብሎ ጠየቀ። እኔ ነበርኩ። መልሱን ራሴ ጻፍኩ። የቱ ግንባር እንዳለ ግን በደብዳቤ አልነገረንም፤ ባድመ በኩል መሆኑን ያወቅነው ቆስሎ ከተመለሰ አንድ የአገራችን ልጅ ነው።

እዚህ ላይ የከተማችን ስም ያመጣብንን ነገር ልናገር። ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አፋር ውስጥ፣ ሌላ ቡሬ አለ። ጦርነቱ በሦስት አቅጣጫ ሲሆን አንዱ የቡሬ ግንባር ይባል ነበር። ሬዲዮው "በቡሬ ግንባር" ባለ ቁጥር አያቴ መቁጠሪያዋን ጨብጣ ከመደቧ ትነሳለች። ጦሩ ደጃችን የደረሰ ይመስላታል። ስንት ጊዜ አስረዳናት፣ አልገባትም። እናቴ ግን በተቃራኒው ነበረች። "ቡሬ" ሲባል ትንፋሿ ይመለሳል፤ ልጇ እዚያ የለምና። "ባድመ" ሲባል የያዘችውን ዕቃ ታስቀምጣለች። የዚያን ጊዜ ቤታችን ውስጥ የተቀመጠ ሰው፣ ስሞቹ ሲጠሩ የሁለቱን ሴቶች እጅ ብቻ አይቶ ዜናውን መረዳት ይችል ነበር።

የካቲት 16 ቀን 1991 ዓ.ም. ማክሰኞ ነበር፤ የኪዳነ ምሕረት ዓመታዊ በዓል። እናቴ በየወሩ በ16 የምትጠጣው የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ስላላት ያን ቀን ከሌሊቱ ጀምራ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። በዚያው ቀን ባድመ ላይ ለወራት ተቆፍሮ የከረመውን ምሽግ ለመስበር ማጥቃት ተጀመረ። ዘመቻ ፀሐይ ግባት ይሉታል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ምሽጉ ተሰበረ፣ ባድመ ተመለሰች። የዓድዋ 103ኛ ዓመት በዓልም ከዚያው ሳምንት ላይ ውሎ ነበርና በከተማችን ከበሮ ተመታ፣ ተፎከረ፣ እኛም ከትምህርት ቤት ተሰልፈን ዘመርን። እኔ ጮክ ብዬ ነበር የዘመርኩት። እሱ የሌለባት ባድመ መሆኗን አላወቅኩም።

ከዚያ በኋላ አራተኛ ደብዳቤ አልመጣም።

አባቴ በየዓመቱ ለፋሲካ ለአራታችንም አዲስ ልብስ ይሰፋልናል። በሚያዝያ 1991 ለእኛ ቀሚስ ሲሰፋ ለወንድም ጋሼ ግራጫ ሱሪ ሰፋለት። እናቴ አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። በዚያ ዓመት ከሌሎች ቤቶችም ደብዳቤ ጠፍቶ ስለነበር "መንገድ ላይ ይሆናል" ይባባሉ ነበር። በየሳምንቱ የሆነ ሰፈር ያሉ ሰዎች ንጋት ላይ ጩኸት ያሰማሉ። ከዚያ በማግሥቱ አንዲት እናት ጥቁር ጨርቅ ይዛ ወደ አባቴ በረንዳ ትመጣለች። አባቴ ከል ሲሰፋ የመኪናውን ፔዳል ቀስ አድርጎ ይረግጥ እንደነበር አሁን አሁን ሳስበው ነው የገባኝ።

በመጋቢት 1992፣ ዐቢይ ጾም ላይ፣ አንድ በክራንች የሚሄድ ልጅ ወደ በረንዳው መጣ። ክር እያስገባሁ ነበር። አንዱ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። አባቴን "ጤና ይስጥልኝ አባባ፤ ከደምበጫ ነው የመጣሁት" አለው። አባቴ ወዲያው ብር አውጥቶ ሻይ ቅጠል እንድገዛ ላከኝ። ቤት ውስጥ ሻይ ቅጠል ነበር፤ ይህን አውቅ ነበር፤ ግን ልጅ ሲላክ ይሄዳል። ስመለስ ልጁ የለም። አባቴ መኪናው ላይ ተደግፎ ተቀምጧል። "ማን ነው?" ስለው "ሱሪ ሊያጠብብ የመጣ ሰው ነው" አለኝ።

ያንን መልስ አምኜ ሃያ አራት ዓመት ኖርኩ።

በግንቦት 1992 ሦስተኛው ዙር ውጊያ ተካሄደ፤ ሰኔ 11 ተኩስ እንዲቆም አልጀርስ ላይ ተፈረመ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ደግሞ የሰላሙ ስምምነት እዚያው ተፈረመ። በዚያው ወር ቀይ መስቀል ምርኮኞችን ማመላለስ ጀመረ ሲባል አባቴ ለሁለት ቀን መኪናውን ዘግቶ ባሕር ዳር ድረስ ሊጠይቅ ሄደ። እናቴ ስንቅ ቋጠረችለት። ባዶ እጁን ተመለሰ።

መርዶው የመጣው በሰኔ 1993 ነው፤ ከሞተ ሁለት ዓመት ከአራት ወር በኋላ። እኛን ልጆቹን ዋዜማውን አክስታችን ቤት አሳደሩን፤ እኔ ግን ሊነጋጋ ሲል ጠፍቼ መጣሁ። ሽማግሌዎቹ፣ ካህኑ፣ የዕድሩ ሰዎች፣ ከወረቀቱ ጋር የመጡት ሁለት ሰዎች ግቢው ውስጥ ቆመዋል። እናቴ ገና እሳት ልታያይዝ ነበር። ሰዎቹን አየቻቸው፤ እንጨቱን አስቀመጠች። ማንም ቃል ሳይናገር እሷ ጮኸች።

ወረቀቱ ላይ ስሙ፣ የአባት ስሙና "በጀግንነት ተሰውቷል" የሚል ነበረበት። የሞተበት ቀን አልነበረም። የተቀበረበት ቦታም አልነበረም። ጽሑፉን ያዘጋጁት ሰዎች ቀኑን ሳያውቁት ቀርተው ይሁን ወይም መጻፍ ሳያስፈልጋቸው፣ እኔ እስከ ዛሬ ይቅር ያላልኩት ይህን ነው። ሰልስት ከየት ይቆጠራል? አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት ከየትኛው ቀን? ካህኑ ሲጸልይ የክርስትና ስሙን ጠየቀ፤ እኔ ያን ስም የሰማሁት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። አስከሬን ስለሌለ ፎቶግራፉንና ያን ያልተለበሰ ግራጫ ሱሪ ነጠላ ላይ አስቀምጠው አለቀሱበት። አልቃሿ ቁመቱን አነሳች፣ የእጅ ጽሑፉን አነሳች። የእናቱን ከረጢት አነሳች።

የደምበጫው ልጅ በሁለተኛው ቀን በክራንቹ መጣና ለቀስተኛው ፊት ያየውን ተናገረ። የ16 ዋዜማ ሌሊቱን ምሽግ ውስጥ አብረው አሳልፈዋል። የመጨረሻዋን ዳቦ ቆሎ ለሁለት ተካፍለዋል። ጎህ ሲቀድ እንዲወጡ ታዘዙ። ወንድም ጋሼ ከፊት ነበር። "ሲወድቅ አየሁት፤ ልደርስበት ስሮጥ ፈንጂ ረገጥኩ" አለ። እናቴ አጠገቡ ሄዳ የቀረውን ጉልበቱን ሳመችው። ከዚያ ወደ ካህኑ ዞራ "ቀኑ የካቲት 16 ነው። ኪዳነ ምሕረት ናት የተቀበለችው" አለች። ተዝካሩም ሙት ዓመቱም በዚያ ቀን ሆነ፤ እስከ ዛሬም በዚያ ቀን ነው።

አንድ ነገር አልፌአለሁ። መርዶው በተነገረ ሰዓት ጎረቤቶቹ "ከል የት ይገኛል፣ ጨርቅ ይገዛ" ሲሉ አባቴ ወደ ጓዳ ገብቶ የተሰፋ ጥቁር ቀሚስ ይዞ ወጣ። ሴቶቹ ደንበኛ ሳይወስደው የቀረ መሰላቸው። እናቴ ለበሰችው። ትከሻው ልክ ነው፣ እጅጌው ልክ ነው፣ ወገቡ ልክ ነው። እጅጌውን አየችና ቀና ብላ አባቴን አየችው። እሱ ወደ መሬት አየ።

ከዚያ ዓመታት ሄዱ። በሚያዝያ 1994 የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔውን ሲያሳውቅ መጀመሪያ በእኛ በኩል ባድመ የእኛ ሆነች ተባለ፤ በኋላ ግን ኮሚሽኑ ወደ ኤርትራ እንዳደረጋት ታወቀ። አባቴ ይህን በሬዲዮ ሲሰማ ሰው ሱሪ እየለካ ነበር። ሜትሩን አንገቱ ላይ አድርጎ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ የሰውየውን ወገብ እንደገና ከመጀመሪያው ለካ። ኤርትራ 19,000 ወታደሮች እንደሞቱባት አስታውቃለች። እዚያም ሱሪ የሰፉ አባቶች ይኖራሉ ብዬ አስባለሁ፤ እናቴም ይህን ከእኔ ቀድማ ትለዋለች።

መስከረም 1 ቀን 2011 የሁለቱ አገሮች መሪዎች ድንበሩን በቡሬና በዛላምበሳ ሲከፍቱ እናቴ ጋር ነበርኩ። ቴሌቪዥኑ "ቡሬ፣ ቡሬ" ይላል። አያቴ ያኔ የለችም። እናቴ የአደይ አበባውን ከደጃፍ አንስታ ገባችና "የባድመውስ መንገድ ተከፈተ?" ብላ ጠየቀችኝ። ሄዳ አፈሩን ማየት ብቻ ነበር የፈለገችው። "ጥምቀት ሲያልፍ እወስድሻለሁ" አልኳት። ሥራ ያዘኝ፤ በሚቀጥለው ዓመት አልኩ፤ በ2013 በትግራይ ጦርነት ተጀመረ። አልወሰድኳትም። በአባቴ በረንዳ እንደገና ጥቁር ጨርቅ የያዙ እናቶች መምጣት ጀመሩ። እሱ ግን ዓይኑ አልቆ ስለነበር ወደ ሌላ ልብስ ሰፊ ይልካቸው ነበር።

ወደ ደብተሩ ልመለስ። አባቴ በእያንዳንዱ መስመር የደንበኛውን ስም፣ ልኩን፣ ጨርቁን፣ ዋጋውንና ቀኑን ይጽፋል። ኅዳር 1991 ላይ የወንድም ጋሼን ልክ አገኘሁት። "የበኩር ልጅ። ወገብ 72፣ ርዝመት 104።" ከጎኑ በትንንሽ ፊደል "ጠርዙ 4 ሳንቲም ይታጠፍ፤ ገና ያድጋል" ይላል። ልብስ ሰፊ ለሚያድግ ልጅ ሲሰፋ ነው ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ የሚያጥፈው። ሲረዝም ይፈታለታል።

ገጾቹን እየገለጥኩ መጋቢት 1992 ላይ ደረስኩ። "የቤት። ጥቁር ቴትሮን፣ 5 ሜትር። መጋቢት 12።" ዋጋ የለውም። የልኩ ቦታ ባዶ ነው፤ የእናቴን ልክ መውሰድ አያስፈልገውም ነበር። የደምበጫው ልጅ፣ የሻይ ቅጠሉ፣ ከጓዳ የወጣው ቀሚስ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጡብኝ። አባቴ ከመርዶው አሥራ አምስት ወር በፊት ሰምቶ ነበር። ልጁ ሲወድቅ ያየ ሰው እንጂ ሲሞት ያየ ሰው ስላልነበረ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ ምርኮኞቹን ጠየቀ። ቀሚሱን ግን ሰፍቶ ሸሽጎ ነበር። በዚያ አሥራ አምስት ወር ውስጥ ከእናቴ ጋር አንድ መሶብ ቀርቦ በልቷል፣ "ደብዳቤው መንገድ ላይ ነው" ብሏታል፣ የሌሎችን እናቶች ከል ሰፍቷል። እኔ ክር እያስገባሁለት።

ደብተሩን ይዤ ወደ እናቴ ሄድኩ። ለየካቲት 16 የሚሆን ጌሾ እየለቀመች ነበር። ማንበብ ስለማትችል አነበብኩላት። እጇ አልቆመም።

"አውቅ ነበር" አለችኝ።

"ቀሚሱን ስትለብሺው ነው?"

"አይደለም። ከዚያ በፊት ነው። በሁለተኛው ፋሲካ ለሦስታችሁ ሰፋ፤ ለእሱ አልሰፋም። ጨርቁ ተርፎት ነበር፤ ተራፊውን አጣጥፎ ሲያስቀምጥ አየሁት። መርዶዬን የሰማሁት ያን ቀን ነው።"

"ታዲያ ለምን አልጠየቅሽውም?"

ጌሾውን ሰፌዱ ላይ በእጇ አስተካከለችው። "ብጠይቀው ይነግረኝ ነበር። አባትሽ እኔን ደግፌያለሁ ብሎ ነበር የቆመው፤ ድጋፉን ብወስድበት ይወድቃል።"

"እስኪሞት ድረስ አልነገርሽውም?"

"አልነገርኩትም። ስለ እኔ ብሎ የቻለውን አልቀማውም አልኩ።"

ከዚያ ሣጥኑን እንድከፍት ነገረችኝ። ብል እንዳይበላው በየዓመቱ ከበዓሉ በፊት ሱሪውን ፀሐይ ላይ ታወጣዋለች። አውጥቼ የግቢው ገመድ ላይ ሰቀልኩት። ነፋስ አልነበረም። ጎንበስ ብዬ የታችኛውን ጠርዝ በጣቴ ዳሰስኩት፤ አራቱ ሳንቲ ሜትር እንደታጠፈ ነው፣ ስፌቱም አልላላም።